አዲስ አበባ የሸኘቻት መኪና ካምባ ላይ ትቆማለች

በመኪና መሸጫ ቻናሎች የሚወጡ ማስታወቂያዎች ቋንቋቸው አንድ ነው። «ሞተሯ ያልተነካ፣ ቀለሟ የፋብሪካ፣ ባለቤቷ ወደ ውጭ ስለሚሄድ በአስቸኳይ የምትሸጥ።» ከሥሩ ዋጋ ይከተላል። ያ ዋጋ ከአንዲት አሮጌ ቪትዝ ዋጋ እጅግ ያነሰ ከሆነ የመኪናዋ ስም ብዙ ጊዜ በሀገሩ ያልተለመደ ነው፦ ያረጀች ፔጆ፣ ያረጀች ኦፔል፣ አምራቿ የጠፋ የቻይና መኪና፣ አንዳንዴም ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ለሰርግ ፎቶ የምትመች ባለ ሁለት በር። ማስታወቂያው ሁሉን ይናገራል። መኪናዋ ለምን እንደረከሰች ግን አይናገርም።

የአዲስ አበባ ገዢ ምክንያቱን ያውቃል። ባያውቅም የሚጠይቀው መካኒክ ሰፈሩ ውስጥ አለ። ስለዚህ አይገዛትም። ታዲያ መኪናዋ የት ትሄዳለች? ወደ ክፍለ ሀገር ትወርዳለች። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አርባ ምንጭ ትገባለች፤ ከዚያም ተራራውን ወጥታ እንደ ካምባ ያለ ከተማ ትደርሳለች። እዚያ የሚገዛት ዕቁብ የወጣለት ነጋዴ፣ ከብት የሸጠ ገበሬ ወይም ከደመወዙ ለዓመታት የቆጠበ መምህር ነው። ወራት ሳይቆጠሩ መኪናዋ ግቢ ውስጥ በድንጋይ ተደግፋ ትቆማለች። ዶሮ ያድርባታል፤ ልጆች መሪዋን እየዞሩ ይጫወቱባታል።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ፈራጅ ይሆናል። «ርካሽ ፈልጎ ነው፤ የእጁን አገኘ!» ይላል።

ይህ ፍርድ ሰነፍ ፍርድ ነው። ሐሰትም ነው። ሰውየው የከሰረው ርካሽ ስለፈለገ አይደለም፤ ርካሽ መፈለግማ የድሃ ሀገር ሰው ብልሃት ነው። የከሰረው በሦስት ነገሮች ነው፦ ሌላው አማራጭ በፖሊሲ ተዘግቶበታል፤ ጋራዥና መለዋወጫ በሌለበት ይኖራል፤ ሻጩ የሚያውቀውን ነገር እርሱ እንዳያውቅ ተደርጓል። ሦስቱም የእርሱ ጥፋት አይደሉም።

🔹 ቶዮታ እንዴት ወርቅ ሆነች?

«ለምን ቶዮታ አልገዛም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለች መኪና ዕድሜዋ በገፋ መጠን ታክሷ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ሦስቱ እርምጃዎች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ሀገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች መግቢያው እንደተደፈነ ኩሬ ሆነዋል። ውኃው አይጨመርም፤ ጠጪው ግን ይበዛል።

በዚህ ኩሬ ውስጥ ቶዮታ ከመኪናነት ወጥታ የባንክ ደብተር ሆነች። ከአርባ ዓመት በፊት የተሠራች ዲኤክስ ዛሬም ሊብሬዋ ከእጅ እጅ ይዞራል። ሰዉ የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ አይደለም፤ የዋጋው ትልቁ ክፍል የፍርሃት መድን ነው። «ብትበላሽ መለዋወጫ አላጣም፣ ብቸገር ነገ እሸጣታለሁ» የሚል መድን። ይህን መድን ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው ሁለት ምርጫ ይቀረዋል፦ በእግሩ መሄድ ወይም ስሟ የከፋውን መግዛት።

«የኤሌክትሪክ መኪና ይግዛ» የሚለው ምክርም ከአዲስ አበባ የሚነገር ምክር ነው። የባትሪ መሙያ ጣቢያዎቹም፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግኑት ባለሙያዎችም በአብዛኛው እዚያው ናቸው። ክልከላው ለመላ ሀገሪቱ በአንድ ቀን ወጣ፤ ምትኩ ግን ከዋና ከተማዋ ገና በቅጡ አልወጣም። ነዳጅን መቀነስ ክፉ ዓላማ አይደለም። ክፉው ዕዳውን ከሁሉ ሩቅ በሚኖረው ሰው ላይ መጫን ነው።

🔹 የመኪና ስም ያለው ጋራዥ ውስጥ ነው

«መጥፎ ስም» የሚባለው ራሱ መመርመር አለበት። ላዳን ማየት ይበቃል። በምዕራቡ ዓለም ላዳ የቀልድ ማጣፈጫ ነበረች። በኢትዮጵያ ግን ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለአሥርት ዓመታት ታክሲ ሆና ሠርታለች፤ ልጅ አሳድጋለች፣ ቤት አሠርታለች። ብረቱ አዲስ አበባ ሲደርስ አልተለወጠም። የተለወጠው በዙሪያዋ ያለው ነገር ነው።

ላዳ የተወለደችው ከጣሊያኗ ፊያት 124 ነው። የኢትዮጵያ መካኒክ ደግሞ ሙያውን በጣሊያንኛ ቃል የተማረ ሰው ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን ሲል አፉን የፈታበት ያህል ነው። ላዳ ስትመጣ ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው ጠበቃት። ኮምፒውተር የላትም፤ በመፍቻና በመዶሻ ትፈታለች። መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ ላይ ተከምሮ ነበር። እንግዲህ አስተማማኝነት ማለት ይህ ነው፦ ሁሌም የምትበላሽ፣ ግን በዚያው ቀን የምትነሣ መኪና።

ተቃራኒውም አለ። ሆላንድ ካር የተባለው ኩባንያ የሊፋንን 520 ሞዴል «አባይ» ብሎ ሰይሞ እዚሁ ገጣጥሞ ሸጠ። ሐሳቡ ያኮራ ነበር፤ ስሙም የሀገር ነው። ነገር ግን ኩባንያው በ2005 ዓ.ም. ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ሥራ አቆመ። ሊፋን ራሱም ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ዕዳው በፍርድ ቤት እንዲስተካከል ወደሚያደርግ የኪሳራ ሂደት ገባ። መኪናዋ መንገድ ላይ እያለች ስም ያወጣላትም፣ የወለዳትም ችግር ላይ ወደቁ። እንዲህ ዓይነቷ መኪና ጥራቷ ምንም ይሁን ምን ወላጅ አልባ ናት። ወላጅ አልባ መኪና ደግሞ የምትኖረው ብዙ እኅቶቿ ተፈታትተው መለዋወጫ በሚሆኑበት ከተማ ብቻ ነው። ያ ከተማ አዲስ አበባ እንጂ ካምባ አይደለም።

🔹 ጣሪያዋ የሚታጠፈው

ከርካሾቹ ሁሉ ዓይን የምትስበው ጣሪያ ተከፋቿ ናት። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለች መኪና በጥቂት ገንዘብ ትገኛለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የወጣችውን ፔጆ 206 ሲሲ የመሰሉት፣ ቁልፍ ሲጫን ጣሪያቸው በሞተርና በዘይት ግፊት ታጥፎ ከኋላ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ፣ ያኔ ወጣቱ ሁሉ የተመኛቸው ነበሩ። ሲያረጁ የጣሪያቸው ፓምፕና ኤሌክትሪክ ራስ ምታት ሆነ፤ ዋጋቸውም ወደቀ። እዚያ የሚገዛት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ መኪና አለው። ለበጋ ቅዳሜና እሑድ ነው የሚፈልጋት። ብትቆም በአውቶቡስ ይሄዳል፣ በጓደኞቹ ፊት ይስቅባታል፣ በቆሻሻ ብረት ዋጋ ይሸኛታል። የጠፋው ገንዘብ የመዝናኛ ገንዘብ ነው።

ካምባ ላይ ያው መኪና የቤተሰብ ጥሪት ናት። ለገበያ ቀን፣ ለለቅሶ፣ ምጥ ለያዛት እናት፣ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ለተጻፈበት ሕመምተኛ የምትፈለግ ናት። ሁለተኛ መኪና የለም። የሚሳቅበት ነገር የለም።

አሠራሯም ለዚያ መንገድ አልተፈጠረም። የተራ መኪና ጣሪያ ዝናብ መከላከያ ብቻ አይደለም፤ አካሏን አጥብቆ የሚይዝ ድልድይ ነው። ጣሪያው ሲነሣ አካሏ እንዳይጣመም ከወለሉ ሥር ተጨማሪ ብረት ይገባል፤ ያም ሆኖ ኮረኮንች ላይ ትወዛወዛለች። በሯ አልገጥም ይላል፣ መስታወቷ ይንኳኳል፣ ጎማ ማሸጊያዋ ይላላል። ማሸጊያው በፀሐይ ከደረቀ፣ የውኃ ማውረጃ ቀዳዳዎቿ በአቧራ ከተደፈኑ፣ የደጋው ዝናብ ምንጣፉ ሥር ይተኛል። ምንጣፉ ሥር ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ለምን እንደማትነሣ ማንም ሊናገር አይችልም።

ለዚህ «ሸራ ለባሽ መኪናማ ጋሞ ተራሮች ላይ ድሮም ነበረች» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። እውነት ነው፤ ሸራ ለባሽ ላንድሮቨርና የሩሲያው ዋዝ በኢትዮጵያ ተራሮች ብዙ ሠርተዋል። ነገር ግን እነርሱ የቆሙት በወፍራም ሻንሲ ላይ ነው፤ ሸራቸው በእጅ ይፈታል፣ በእጅ ይታሠራል። መለዋወጫቸውና መካኒካቸውም አብዛኛውን ጊዜ ከሚያሠራቸው መሥሪያ ቤት ወይም ከጦሩ ጋር ይመጣ ነበር። የዛሬዋ ባለ ቁልፍ ጣሪያ ከእነርሱ ጋር የሚያመሳስላት ነፋሱ ብቻ ነው።

🔹 የትንሽ ዕቃ ትልቅ ጉዞ

የርካሽ መኪና እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው በመጀመሪያው ብልሽት ነው። እንዲህ እንበል፦ መኪናዋ ሰው ጭና ዳገት ትወጣለች። የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት፣ የጣት ቁመት የማይሞላ ዕቃ፣ ተዘግቶ ይቀራል። ውኃ ከባሕር ጠለል በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ በ93 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን አርጅቶ ግፊት መያዝ ካቃተው ሞተሩ የሚፈላው ከታሰበው ቀድሞ ነው። ሾፌሩ ቆሞ ቀዝቃዛ ውኃ ይጨምራል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ቴስታታው ራሱ ይጣመማል።

ይህ ችግር አዲስ አበባ ላይ ቢደርስ የአንድ ከሰዓት ጣጣ ነው። መካኒኩ ቴርሞስታቱን ገና ሙቀቱ ከፍ ማለት ሲጀምር ይቀይረዋል። ካምባ ላይ ግን መኪናዋ በኢሱዙ ተጭና ወደ አርባ ምንጭ መውረድ አለባት። አርባ ምንጭ ላይ ጎበዝ መካኒኮች አሉ፤ የለመዱት ግን ቶዮታ፣ ኢሱዙና ባጃጅ ነው። የዚያችን መኪና ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ከሌለ ሥራው ግምት ይሆናል። ዕቃው ለሶማሌ ተራ በስልክ ይታዘዛል፤ ፎቶ ይላካል፤ የመጣው ዕቃ አይገጥምም፤ ይመለሳል። በየመካከሉ ደላላ አለ፣ የአውቶቡስ ሒሳብ አለ፣ የጋራዥ ማሳደሪያ አለ። ጥቂት ብር የሚያወጣ ዕቃ የመኪናዋን ዋጋ ሩብ በልቶ ይነሣል። ሁለተኛ ስትበላሽ ባለቤቱ መሞከሩን ይተዋል።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው፦ መኪናዋ የምትረክሰው በምትሸጥበት ቦታ ነው፤ የምትወደደው በምትኖርበት ቦታ ነው። ሻጩ የመጀመሪያውን ይወስዳል፤ ገዢው ሁለተኛውን ይሸከማል።

🔹 ዝምታም ሽያጭ ነው

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። አሜሪካኖች ጣጣዋ የማያልቅ መኪናን «ሎሚ» ይሏታል። አከርሎፍ ያሳየው ቀላል ነገር ነው፦ ሻጩ መኪናዋን ያውቃታል፤ ገዢው አያውቃትም። ገዢው ስለሚፈራ ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ገበያው ለሎሚዎቹ ይቀራል። በዚህና በተከታይ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ተጋራ። አሜሪካም ነገሩን በትምህርት ቤት ብቻ አልተወችውም። ከ1982 ጀምሮ፣ ከኮነቲከት ተነሥቶ፣ ግዛቶቿ «የሎሚ ሕግ» የሚባለውን አወጡ።

ኢትዮጵያ ሕግ የላትም ማለት አይቻልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበትና ከውሉ ጋር የሚስማማ ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዛል። ስንት የክፍለ ሀገር ገዢ ነው ይህን የሚያውቀው? የመኪና ሽያጭ ውሎች ባብዛኛው «አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» በሚል ዓረፍተ ነገር ያልቃሉ። ያቺ ዓረፍተ ነገር የሻጩ ጃንጥላ ናት። ዓመታዊው ቦሎ የመንገድ ብቃቷን ያያል እንጂ ሞተሯ ስንት ወር እንደሚቆይ አይናገርም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ወደ ኋላ የሚዞርበት ሀገር ነው።

ጋሞ ውስጥ ደግሞ ከወረቀቱ ሕግ የሚቀድም ሕግ አለ። የማኅበረሰቡን ደንብ የጣሰ ሰው «ጎሜ» ይዞታል ይባላል፤ መዘዙ ለእርሱ ብቻ አይቀርም፣ ቤቱንና ጎረቤቱን ይነካል ተብሎ ይታመናል። ጠብና በደል በዱቡሻ፣ በሽማግሌ ፊት ይታያል፤ እውነቱም እዚያ ይነገራል። የቴስታታዋን ስንጥቅ በማጣበቂያ ሸፍኖ ለአንድ አባወራ የዓመታት ጥሪት መሸጥ ከጎሜ የሚያንስበት ምክንያት የለም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የበሬ ሻጭ የሚኖረው ጎረቤት ነው፣ ዱቡሻ ላይ ይገኛል። የመኪናው ደላላ ግን የስልክ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ይቀይራል።

🔹 «ገዢ ዓይኑን ይክፈት» ለሚሉ

የገበያ ነፃነት ጠበቆች «ማንም አላስገደደው» ይላሉ። ልክ ነው፣ ማንም አላስገደደውም። ነገር ግን ዓይን የሚከፈተው የሚታይ ነገር ሲኖር ነው። የካምባው ገዢ የመኪናዋን ሞተር በ20 ደቂቃ ውስጥ፣ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ባቆመበት ሁኔታ፣ አዲስ አበባ በማያውቀው ጎዳና ላይ ነው የሚያየው። መካኒክ ቢያስከትልም መካኒኩን ያገኘለት ያው ደላላ ነው። ይህ ነፃ ገበያ አይደለም፤ አንዱ ካርታውን አይቶ ሌላው በጨለማ የሚጫወትበት ቁማር ነው።

ሌሎች ደግሞ «ታዲያ ድሃ መኪና አይግዛ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይግዛ እንጂ! አርባ ምንጭ ላይ በሲቀላና በሴቻ መካከል የሚመላለስ፣ ሌላ መተዳደሪያ ያለው ወጣት ጣሪያዋን ከፍቶ የአባያንና የጫሞን ነፋስ ቢቀበል የሚነቅፈው የለም። ደስታም የሰው ድርሻ ነው። ብቻ የሚገዛው ደስታ መሆኑን ይወቅ፤ መተዳደሪያ ብለው አይሽጡለት።

🔹 ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት በውሉ ላይ በጽሑፍ እንዲዘረዝር ይገደድ። «አይቼና ወድጄ» የምትለው ሐረግ የተደበቀ ጉድለትን እንዳትሸፍን የሰነድ አረጋጋጮች ለገዢው በግልጽ ይንገሩት።

ሁለተኛ፣ ከሻጭም ከደላላም ጥቅም የሌለው የምርመራ ቦታ በየዞኑ ይኑር። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት። ተማሪ በተግባር ይማራል፤ ገዢ በትንሽ ክፍያ እውነቱን ያውቃል። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ አንድን ዓይነት መኪና በብዛት አስገብቶ የሸጠ ነጋዴ መለዋወጫዋንም ለተወሰኑ ዓመታት የማቅረብ ግዴታ ይኑርበት። ዛሬ በብዛት እየገቡ ላሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ ከአሁኑ ካልታሰበ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ባትሪያቸው የደከመው ሁሉ በዚያው መንገድ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። የ«አባይ» ታሪክ በሺዎች ተባዝቶ ይደገማል።

ገዢውም የራሱን ያድርግ። ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ይህችን መኪና በሚኖርበት ከተማ የሚፈታት ማን ነው? ቴርሞስታቷ፣ ፍሪሲዮኗና የፍሬን ሸራዋ ዛሬ አርባ ምንጭ ላይ ይገኛሉ? ነገ ቢሸጣት ማን ይገዛታል? ለሦስቱም መልስ ከሌለው ዋጋው ስንትም ቢሆን አልረከሰችም። መልስ ካለው ደግሞ ስሟ ቢከፋም አይፍራት፤ ላዳም ስሟ ክፉ ነበር።

ካምባ ግቢ ውስጥ በድንጋይ ተደግፋ የቆመችውን መኪና አይቶ በባለቤቷ መሳቅ ቀላል ነው። የሚከብደው ከእርሷ ላይ ማን እንዳተረፈ መቁጠር ነው። አስመጪው አትርፏል፣ ሻጩ ተገላግሏል፣ ደላላው ኮሚሽኑን ወስዷል፣ መንግሥት ቀረጥና ታክሱን ሰብስቧል። ሁሉም ድርሻውን ይዞ ሲሄድ የቀረው ሰውየው ብቻ ነው። እንደ ሞኝ የሚቆጠረውም እርሱ ነው።